ስድስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሦስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። ጠዋት ላይፍ ጃኬቶቹን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። አሥራ ሦስት ናቸው፤ የአንዱ ዚፕ አይዘጋም። ካፒቴኑ ጀልባው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና፣ «ባለ ዲግሪዋ! ይሄን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ?» አለኝ።

«አይ፣ ይሄ ማስተርስ ነው» አልኩት።

ሳቀ። እሱን ማሳቅ ቀላል አይደለም…

ሥራውን እወደዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ሰው ሲያስታምሙ፣ ሲያስተምሩ፣ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎችን በነፃ ሐይቁ ላይ ማንሸራሸር። ሁለት ሰዓት ብቻ። ንግግር የለ፣ ስልጠና የለ። ቡድኖች ደብዳቤ ይጽፋሉ። እኔ እቀበላለሁ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ኃላፊዋ፣ ካፒቴኑና እኔ እንመርጣለን። ዛሬ የአረጋውያን መኖሪያው ተመረጠ። ካፒቴኑ፣ «ባለፈው ዓመት አንዱ ሽማግሌ መሪውን ቀምተውኛል፤ ዘንድሮ በገመድ ነው የማስራቸው» አለ።

አምስት አዲስ ሐሳብ ጽፌ ለኃላፊዋ ሰጠሁ። አንዱን ተቀበለች፦ ፖስተሩን። ከአምስት አንድ ለጀማሪ መጥፎ ነው?

ስወጣ፣ «ለነርሷ እናትሽ ሰላምታ አድርሺልኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት።

የካቲት 19

ቢያንስ እዚህ ልጻፈው። ለቅጥር በተጠየቅሁ ቀን ኃላፊዋ «እናትሽ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። «ሆስፒታል» አልኩ። «ነርስ ናቸው?» አለች፣ ፊቷ በርቶ። የእሷም እናት ነርስ ነበሩ። ከዚያ ራሴን ነቀነቅሁ።

ለመዋሸት አስቤ አልነበረም… ወይስ አስቤ ነበር?

እማዬ ሆስፒታሉ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ሃያ ሁለት ዓመት። ያስተማረኝ ያ አንሶላ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ እንኳን አፍም አልነበረም። አንገት ነው።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ጠዋት ስብሰባው ሳይጀመር ደብዳቤዎቹን ስከፍት አንዱ እንዲህ ይላል፦

«እኛ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢዎች ነን። አሥራ ሦስት ነን። የምንሠራው ምድር ቤት ነው። ፀሐይ የምናየው አንሶላ ልናሰጣ ስንወጣ ነው። ከማስጫው ሐይቁ ይታያል። ጀልባችሁ ሲያልፍ ሥራ አቁመን እናያለን። አንዷ ጓደኛችን በመጋቢት መጨረሻ ጡረታ ወጥታ ሩቅ፣ ልጇ ዘንድ ትሄዳለች። ሳትሄድ አንድ ቀን አብረናት ውሃው ላይ ብንውል ደስ ይለናል። ካልተመቸም ግድ የለም።»

ከታች አሥራ ሦስት ስም። ሦስተኛው የእማዬ ነው።

ደጋግሜ አነበብኩት። ጮክ ብዬ ባነበው ይመረጣል፤ አውቃለሁ። ካፒቴኑ ራሱ ወዲያው ያጸድቀው ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ይመጣሉ። እማዬ በዚያ ሰማያዊ ሽርጧ፣ በተላጠ እጇ ከመሳፈሪያው ላይ «ልጄ!» ትላለች… ኃላፊዋም ታያለች።

መሳቢያዬን ከፍቼ ከታች፣ ከቴምብሩ ሥር አስቀመጥኩት። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ይሆናል። አንድ ሳምንት ምንም አይደል።

ቤት ስገባ እማዬ፣ «ደብዳቤያችን ደረሰ?» አለችኝ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።

«ደርሷል። ወረፋ አለ እማዬ።»

«በወረፋማ ነው እንጂ! ልጄ እዚያ አለች ብለን ሰው ልናስቀድም? እንዳታደርጊው። አለቃንም ነግሬያታለሁ፤ ይጠበቃል ብያታለሁ።»

አለቃ የሚሏት ጡረታ የምትወጣዋን ነው። አለቃ አይደለችም። ትልቋ ስለሆነችና ሁሉንም ስለምታዝ ነው።

መጋቢት 2

ለሚቀጥለው ማክሰኞ።

መጋቢት 9

ዛሬም አላነበብኩትም።

መጋቢት 17

ነገሩን በእርጋታ ላስበው። አመልካቾችን የምናወዳድርበት ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ (ኃላፊዋ ወዳዋለች)። በሠንጠረዡ ሲታይ ልብስ አጣቢዎቹ ደመወዝተኞች ናቸው፣ ጤነኞች ናቸው። ዓይነ ስውራን ተማሪዎቹ አይቀድሙም? በሽተኛ የሚያስታምሙት አይቀድሙም? ለነገሩ ፍትሕ ይሄ ነው…

ማንን ነው የማታልለው?

ሠንጠረዥ የሠራሁት ለዚህ ነበር እንዴ።

እማዬ ስለ ደብዳቤው መጠየቅ ትታለች። ይሄ ነው ያስፈራኝ። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

እማዬ አምሽታ ገባች። ዓይኗ አብጧል።

«አለቃን ሸኘናት» አለች።

«የት?»

«የት ይሆናል? እዚያው ማጠቢያችን ውስጥ። ሻይ አፈላን፣ ዳቦ ተቆረሰ። ማሽኑን ለአሥር ደቂቃ አጥፍተን… ያለ ማሽን ድምፅ እርስ በርስ ስንሰማማ ደነገጥን፤ መጮህ ለምዶብን።» ሳቀች። «ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ትሄዳለች።»

«ጀልባውስ… ተቆጥታ ነበር?»

«አለቃ? ምንም አላለች። ደብዳቤውን እኮ የጻፈችው እሷ ናት። ዛሬ ግን ዝም ብላ ነው የዋለችው።»

ወደ ጓዳ ገባሁ። ውሃ ቀዳሁ። አልጠጣሁትም።

አሁንማ ቀኑ አለፈ። አሁን ደብዳቤውን ባወጣው «የት ነበር?» ይሉኛል። ባላወጣው… እንግዲህ ባላወጣውስ?

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ለቅዳሜ የተያዘላቸው ተማሪዎች ፈተና ተቀይሮባቸው ቀሩ። ካፒቴኑ፣ «ጀልባዬ ቅዳሜ ባዶዋን አትቆምም፤ ታኮርፈኛለች» አለ። ኃላፊዋ ቴምብር ፈልጋ መሳቢያዬን ከፈተች። ስልክ ላይ ነበርኩ። አየኋት… እጇ ሲገባ፣ ወረቀቱ ሲወጣ፣ መነጽሯን ስታደርግ። ስልክ ላይ ያለችውን ሴትዮ ምን እንዳልኳት አላውቅም።

ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። «ካልተመቸም ግድ የለም» የሚለው ላይ ድምጿ ተሰበረ።

«ይሄ የት ነበር?»

«ወረፋ ላይ… ከሌላው ጋር ተደባልቆ ነው መሰለኝ።»

«የካቲት ይላል እኮ!»

«ተደባልቆ ነው» አልኩ እንደገና።

ካፒቴኑ አየኝ። የሚቀልድ ሰው ዝም ሲል ያስጨንቃል። ኃላፊዋ እዚያው ቆማ ሆስፒታሉ ደወለች። ቅዳሜ ይመጣሉ።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

እማዬ ካውያ ይዛ የበዓል ልብሷን ስትተኩስ አገኘኋት። ልጅ ሆናለች። «ውሃው ላይ ብርድ አለ? ሻርፕ ልያዝ? ሳቂታዋ ያዞረኛል ብላ ከአሁኑ ሎሚ ገዝታለች።» ሳቂታዋ ማሽን ላይ አብራት የምትሠራዋ ናት።

ከዛሬ ሌላ ቀን አልነበረኝም።

«እማዬ… ኃላፊዋ አንቺን… ነርስ ናት ብላ ነው የምታስበው።»

ካውያው ቆመ። የሚቃጠል መሰለኝ፤ ግን አነሳችው።

«ለምን እንደዚያ አሰበች?»

መልሴን አልጠበቀችም። የልብሱን እጅጌ ገልብጣ ሌላውን ጎን ተኮሰች።

«ነርስማ ጥሩ ሥራ ነው» አለች።

ቆይታ ደግሞ፣ «እሺ። ገባኝ። አትጨነቂ» አለች።

አትጨነቂ! ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ነገ አልመጣም ብትለኝ እንኳ… እንዳትመጣ የፈለግሁበት ሰከንድ ነበረ። ጻፍኩት። ነበረ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ሳልዘል።

አሥራ ሁለት ሆነው መጡ። ሁሉም ለብሰው፣ ጸጉራቸው ተሠርቶ። ካፒቴኑ መሳፈሪያው ላይ ቆሞ፣ «እናቶች፣ እንኳን መጣችሁ! አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ ጀልባዬ ሐሜት አትሸከምም፣ ትሰምጣለች» አላቸው።

«እንግዲያው እኛን በሦስት ዙር ነው የምትወስደን!» አለች ሳቂታዋ። መሳፈሪያው በሳቅ ተናወጠ።

የመዝገቡ ሰሌዳ የተያዘው በኔ ነው። ከመሳፈር በፊት እያንዳንዱ ሰው ስሙንና አደጋ ቢደርስ የሚጠራለትን ሰው ስልክ ያስመዘግባል። ያለዚያ ካፒቴኑ ገመድ አይፈታም። ወንድሙ ውሃ ላይ ሲሞት ለማን እንደሚደወል ሳይታወቅ ሁለት ቀን አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ። ኃላፊዋ አጠገቤ ቆማ ላይፍ ጃኬት ታስራለች።

እማዬ አራተኛ ነበረች።

«እንደምን አደሩ፣ የኔ እመቤት» አለችኝ።

እኔን። ልጇን። አደሩ አለችኝ… ዛሬ ጠዋት ቁርስ ያቀረበችልኝ ሴት።

«ደኅና… ስም?» አልኩ። ነገረችኝ። ጻፍኩ። የገዛ እናቴን ስም ጠይቄ ጻፍኩ።

«የሚጠራ ሰው?»

«እሱን ይለፉኝ፣ እባክዎ።»

ካፒቴኑ ሰማ። «ማለፍ የለም፣ እትዬ። የሚጠራለት የሌለው ሰው አላሳፍርም። ልጅ የለዎትም እንዴ?»

«የለኝም» አለች እማዬ።

ቀና ብላ ነው ያለችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። አሁን ተናገሪ፣ አሁን፣ አሁን… ሰሌዳው ላይ አቀረቀርኩ። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች በሙሉ ጫማቸውን ያያሉ። ሳቂታዋ እንኳ አልሳቀችም። «የኔን ልጅ ጻፊላት፣ ለሁለታችንም ስልክ ታነሳለች» አለችና ስምና ቁጥር ነገረችኝ። ጻፍኩት። በስሜ ቦታ የሌላ ሴት ልጅ ስም ጻፍኩ።

«አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ ነይ ውጪ» አለችኝ ኃላፊዋ። የማን ወንበር እንደሆነ አላወቀችም።

«ሥራ አለኝ» አልኩ።

ሥራ አልነበረኝም። መሳፈሪያው ላይ ቆሜ እስኪርቁ አየሁ። ሳቃቸው በውሃው ላይ መጣ። ከዚያ አንዷ ዘፈን ጀመረች። የእማዬን ድምፅ ከአሥራ ሁለት ለየሁት።

ቤት ስገባ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። «ጥሩ ነበር» አለችኝ። «ውሃው ሲያዩት ሰማያዊ ነው፣ ሲቀርቡት ግን አረንጓዴ። ታውቂያለሽ?»

«እማዬ… ልጅ የለኝም ያልሽው…»

«ካፒቴኑ አጣደፈኝ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።» ፎጣ አቀብይኝ አለች። አቀበልኳት።

ሚያዝያ 12

ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። አሞሻል? አለችኝ። አዎ አልኩ። ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ኃላፊዋ ሳትቀመጥ ገባሁ። «እናቴ ነርስ አይደለችም። ቅዳሜ የመጡት ውስጥ ነበረች። ልጅ የለኝም ያለችው እናቴ ናት።»

መነጽሯን አወለቀች። «የቱ ነው የሚያሳፍርሽ? ልብስ ማጠቡ?» አለች። «እኔ እኮ ያን ቀን የጠየቅሁሽ ወሬ ለመጀመር ነው። መልሱን እንኳ አላስታውስም ነበር፣ አንቺ ራስሽን ስትነቀንቂ ባላይ።»

ለዚህ ነው። ለወሬ መጀመሪያ።

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ገባት። «ደብዳቤው አልተደባለቀም።»

«አልተደባለቀም።»

ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ተነስታ መሳቢያዬን ነቅላ፣ ከነቴምብሩ፣ ወስዳ የራሷ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤ የሚከፈተው እዚህ ነው፣ ሦስታችንም ባለንበት» አለች። ጠረጴዛዬ ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ሆኗል። ካፒቴኑ ገብቶ አየው። አልቀለደም።

ሚያዝያ 14

ለእማዬ ነገርኳት። የነርስነቱን ነገር ታውቃለች፤ የነገርኳት የመሳቢያውን ነው። ቃል በቃል፦ የመጣ ቀን አንብቤዋለሁ፣ አውቄ ደበቅሁት፣ አለቃ እስክትሄድ አውቄ ቆየሁ።

ስትሰማኝ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ወረፋ ነው ብለሽኝ።»

«አዎ።»

«እኔም ወረፋ ነው አልኳቸው። በየቀኑ ሲጠይቁኝ፣ ልጄ ብላለች፣ ወረፋ ነው።» ድምጿን አልጨመረችም። «የመሳፈሪያውን እኔ ሸፈንኩልሽ። እሱ በኔ ላይ ነው፤ በኔ ላይ የመጣ አይከብደኝም። ይሄ ግን የኔ አይደለም። ይሄንን ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው።»

ድንቹን ትታ ተነሳች። ጨርሼ ላጥኩት።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ላውንደሪው ከደረጃው ሥር ነው፤ እንፋሎቱ ከበሩ ላይ ይቀበልሻል። ልጅ ሆኜ እዚህ የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልመጣሁም። አራት ዓመት ተኩል። አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው፤ መልኬን አያውቁም ብዬ ነበር።

ማሽኑን አስጠፋኋቸው። «የጀልባው ድርጅት ሠራተኛ ነኝ» አልኩ። «እና… ልጇ ነኝ።» እማዬን አሳየሁ።

ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

«ኧረ እባክሽ?» አለች ሳቂታዋ። እጄን ይዛ እየጎተተች ወሰደችኝ። የእማዬ ቁም ሳጥን በር ላይ የምረቃ ፎቶዬ ተለጥፏል። ትልቁ። «በየቀኑ እያየንሽ ነው እኮ የምናጥበው! ዲግሪሽን ከናንተ ቤት ሰዎች ቀድመን የተመረቅነው እኛ ነን። ያን ቀን መሳፈሪያው ላይ ምላሴን ነክሼ ልሞት!»

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«እናትሽ ናት፣ ጠዋት በር ላይ አቁማ ‹ልጄን የሚያሳፍር ቃል ከማናችሁም እንዳልሰማ› ያለችን።»

አሥራ አንድ ሴት። ጫማቸውን ያዩት ለኔ ብለው ነው… ዓይን አፋርነት መስሎኝ ነበር። የፈሩት ለኔ ነው።

እየሳቁ ሳሉ የደብዳቤውን ነገርኳቸው። ሳቁ ከአንዷ ወደ አንዷ እየጠፋ ሄደ። የማንንም ፊት አላየሁም፤ ወለሉን ነው ያየሁት፣ ሳሙና የሚፈስበትን ቦይ።

«አለቃ መልስ መጣ ወይ እያለች ነው የሄደችው» አለች አንዷ ከኋላ።

ሳቂታዋ እጄን ለቀቀች። ማሽኑን መልሳ አበራችው። እማዬ በወረቀት ላይ ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝ። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ሦስት ቀን ቁጥሩን ይዤ ዞርኩ። ዛሬ ደወልኩ። ወንድ አነሳ።

«ማን ልበል?»

የእማዬን ስም ጠራሁ። «የእሷ ልጅ ናት ይበሉልኝ» አልኩ። እንዲህ ብዬ ራሴን ካስተዋወቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

«ተመራቂያችን!» አለች አለቃ፣ ስልኩን ከልጇ ነጥቃ። «እናትሽ ደኅና ናት? ሳቂታዋ አሁንም ክሎሩን ታበዛለች? በይ ንገሪያት፣ አንሶላ ነው የምታጥቢው ወይስ የምታቃጥዪው በያት!»

መሳቋ ከበደኝ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የደወልኩት» አልኩና ነገርኳት። ስድስት ሳምንት። መሳቢያ። ለምን እንደሆነም። በመሐል እንዳትናገር ፈጠን ፈጠን እያልኩ።

ጨረስኩ። ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር፤ ትንፋሿ ግን ይሰማል።

«እኔ እኮ በኔ ነው ብዬ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«ጽሕፈቴ። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። የተማረ ሰው ይጻፍልን ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ፣ በራሴ እጅ ነው የምጽፈው ያልኩት። መልስ ሲጠፋ… አላነበቡትም፣ አሥራ ሁለት ሴት በኔ ጽሕፈት ቀረች እያልኩ። የሸኙኝ ቀን ሻዩ አልወርድ ብሎኝ።»

«ጽሕፈትዎ አንድ ፊደል አላስቸገረኝም።»

«አነበብሽው?»

«በመጣበት ቀን።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው፣ እትዬ። ደጋግሜ።»

«እንግዲህ…» አለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ለኔም አልነበረም። «እንግዲህ ጽሕፈቴ አልነበረም።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ አልደወልኩም።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

«ይቅር አለችሽ?»

«አላለችኝም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ አዎ ብዬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።